መምህርና ቴክኖሎጂ፦ ከመሣሪያ አጠቃቀም ወደ ተሻለ የመማር ማስተማር ሂደት

ቴክኖሎጂ በትምህርት ቤት ውስጥ መኖሩ ብቻውን የተማሪን ውጤት አያሻሽልም። ኮምፒውተር፣ ፕሮጀክተር ወይም ታብሌት ለትምህርት የሚጠቅመው መምህሩ መቼ፣ ለምንና እንዴት እንደሚጠቀምበት ሲያውቅ ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ በአንድ ቀን ሥልጠና የሚገኝ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚያድግ የሙያ ብቃት ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በየደረጃው ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለሱፐርቫይዘሮችና ለወላጆች ነው። መምህራን ቴክኖሎጂን ከክፍል ትምህርት ጋር በማቀናጀት ረገድ የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች፣ በውስን መሣሪያ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራትን፣ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሥርዓት አማካይነት ድጋፍ የሚገኝበትን መንገድና ሊወሰዱ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ያብራራል።

ካለፈው ልምድ የተገኘ ትምህርት

በአገራችን ቴክኖሎጂን ለትምህርት መጠቀም አዲስ ጉዳይ አይደለም። የሬዲዮ ትምህርት ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተለምዶ “ፕላዝማ” እየተባለ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከማዕከል በአንድ ጊዜ ለመላው አገሪቱ ይሠራጩ ነበር። ዓላማውም በከተማና በገጠር ያሉ ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኙ ማስቻል ነበር።

መርሐ ግብሩ ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ሙከራዎችን በምስል ማሳየት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ይሁንና ሥርጭቱ ከማዕከል በቀጥታ የሚተላለፍ በመሆኑ መምህሩ ሊያቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው ወይም ሊያዘገየው አይችልም ነበር። ያልገባው ተማሪ ጥያቄ ከማንሣቱ በፊት ትምህርቱ ወደ ሌላ ርዕስ ይሻገራል። መምህሩ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለእርሱ የሚተርፈው መግቢያና ማጠቃለያ ለመስጠት የምትበቃ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች። መብራት ከተቋረጠ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይቋረጣል።

ከዚህ ልምድ የተገኘው ዋና ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቴክኖሎጂ በመምህሩ እጅ የሚገባ መሣሪያ ሊሆን ይገባል እንጂ የመምህሩን ቦታ የሚተካ ሊሆን አይገባም። የተማሪዎቹን የዕውቀት ደረጃ፣ የቋንቋ ችሎታና የዕለቱን ሁኔታ የሚያውቀው በክፍል ውስጥ ያለው መምህር ነው።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲዘጉ ባስገደደ ጊዜም ሌላ ትምህርት ተገኝቷል። ትምህርቱን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ለማስቀጠል ጥረት ተደርጓል። ሆኖም በቤቱ ሬዲዮ፣ መብራት ወይም ስልክ የሌለው ተማሪ ተጠቃሚ ሊሆን አልቻለም። ስለሆነም ማንኛውም የቴክኖሎጂ ዕቅድ በቅድሚያ “መሣሪያ የሌለው ተማሪ እንዴት ይማራል?” የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚሻው ለምንድን ነው?

የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የመንግሥት አገልግሎቶች በስፋት ወደ ዲጂታል ሥርዓት እየተሸጋገሩ ይገኛሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ዕለት የሚነካ ተማሪ የትምህርት ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያው ጋር ያለውን ትውውቅ ጭምር ይፈተናል። ይህ ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ከፈተናው ቀደም ብሎ፣ በዕለት ተዕለት የክፍል ትምህርት ነው። ለዚህም የመምህሩ ብቃት ወሳኝ ነው።

የመምህሩ ብቃት የሚያድግባቸው ሦስት ደረጃዎች

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ለመምህራን የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው እትም 18 ብቃቶችን ይዘረዝራል። ብቃቶቹ በ6 የሙያ ዘርፎች የተከፈሉ ሲሆን፣ እነዚህም የትምህርት ፖሊሲን መረዳት፣ ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ፣ የዲጂታል ክህሎት አተገባበር፣ አደረጃጀትና አስተዳደር እንዲሁም የመምህሩ የራሱ ሙያዊ ዕድገት ናቸው። እያንዳንዱ ዘርፍ ዕውቀት መቅሰም፣ ዕውቀት ማጥለቅና ዕውቀት መፍጠር በሚባሉ 3 ደረጃዎች ያድጋል።

ደረጃዎቹን በተጨባጭ ለመረዳት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ የምታስተምር አንዲት መምህርት የኤሌክትሪክ ጅረትን (ኮረንቲን) ስታስተምር እንመልከት። በክፍሏ 60 ተማሪዎች አሉ እንበል። ትምህርት ቤቱ ያለው መሣሪያ 1 ላፕቶፕና 1 ፕሮጀክተር ነው።

1. ዕውቀት መቅሰም

በዚህ ደረጃ መምህርቷ ቀድሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጽፍና ትሥል የነበረውን በፕሮጀክተር ታሳያለች። የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕልና የኦም ሕግ ቀመር በስክሪን ላይ ይቀርባሉ። ተማሪዎችም ይገለብጣሉ። የሰሌዳ ሥራ ጊዜ ይቆጠባል፤ ሥዕሉም የጠራ ይሆናል። የማስተማር ዘዴው ግን አልተለወጠም።

ይህ ደረጃ ሊናቅ አይገባም። ማንኛውም መምህር መሣሪያውን ማብራት፣ ፋይል ማደራጀት፣ በግዕዝ ፊደል መጻፍና ጽሑፉን ማቅረብ ከዚህ ይማራል። ችግር የሚሆነው መምህሩ እዚሁ ላይ ሲቆም ነው። ረጅም ጽሑፍ በስክሪን ላይ አቅርቦ ማንበብ ከጥቁር ሰሌዳው ትምህርት የሚያንስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም በሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር በተማሪው የመጻፍ ፍጥነት ይራመዳል፤ ስክሪኑ ግን በአንድ ንክኪ ያልፋል።

2. ዕውቀት ማጥለቅ

በሁለተኛው ደረጃ መምህርቷ መነሻ የምታደርገው መሣሪያውን ሳይሆን ተማሪዎቿ የሚቸገሩበትን ጽንሰ ሐሳብ ነው። በዚህ ርዕስ በብዙ አገሮች ተማሪዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚታይ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሁለት አምፖሎች በተከታታይ ሲያያዙ የመጀመሪያው አምፖል የተወሰነውን ጅረት “ስለሚጠቀምበት” ለሁለተኛው የሚደርሰው ያነሰ ነው ብለው ያምናሉ። በእውነቱ በተከታታይ ዑደት ውስጥ ጅረቱ በሁሉም ቦታ እኩል ነው። በሰሌዳ ላይ የተሣለ ዑደት ስለማይንቀሳቀስ ይህን ማሳየት ያስቸግራል።

መምህርቷ በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውንና በነፃ የሚገኘውን የፌት አስመሳይ ሙከራ አስቀድማ በላፕቶፗ ላይ ታወርዳለች። ሙከራው ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በክፍል ውስጥ ግን ወዲያውኑ አታሳየውም። በመጀመሪያ “ከሁለቱ አምፖሎች የበለጠ የሚበራው የትኛው ነው? የመጀመሪያው ካላችሁ አንድ ጣት፣ ሁለተኛው ካላችሁ ሁለት ጣት፣ እኩል ካላችሁ ሦስት ጣት አንሡ” ትላለች። የ60ዎቹ ተማሪዎች ግምት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይታያል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ ለምን እንደዚያ እንደገመተ ለጎረቤቱ ያስረዳል። ከዚህ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ ዑደቱን በላፕቶፑ ላይ ይገጥማል። በስክሪኑ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ከአምፖሎቹ በፊትም በኋላም በእኩል ፍጥነት ሲጓዙ ይታያል፤ ተመሳሳይ የሆኑት ሁለቱ አምፖሎችም እኩል ይበራሉ።

ቀጥሎ ቁጥሮች ይገባሉ። እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ 2 ድንጋዮች ከ10 ኦም መቋቋሚያ ጋር ሲያያዙ ጅረቱ 0.3 አምፔር ይሆናል። ድንጋዮቹ 3 ሲሆኑ ቮልቴጁ 4.5፣ ጅረቱም 0.45 አምፔር ይሆናል። ተማሪዎች ሕጉን ከመሸምደድ ይልቅ ከቁጥሮቹ ራሳቸው ያገኙታል። በመጨረሻም የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና አነስተኛ አምፖል ተጠቅመው ያዩትን በእውነተኛ ዕቃ ያረጋግጣሉ። አስመሳይ ሙከራ እውነተኛውን ሙከራ ያግዛል እንጂ አይተካውም።

በዚህ ደረጃ የተለወጠው ዋናው ነገር በክፍሉ ውስጥ የሚያስበውና የሚናገረው ሰው ነው። መሣሪያው ያው 1 ላፕቶፕና 1 ፕሮጀክተር ነው።

3. ዕውቀት መፍጠር

በሦስተኛው ደረጃ ተማሪዎች በተማሩት ዕውቀት አዲስ ሥራ ያመርታሉ። ለምሳሌ በቡድን ሆነው በየቤታቸው ያሉ አምፖሎችንና የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የፍጆታ መጠን መዝግበው፣ በሠንጠረዥ ማስሊያ ፕሮግራም አደራጅተው፣ ወርኃዊ ፍጆታን ለመቀነስ የሚያስችል ምክር ለወላጆች ሊያቀርቡ ይችላሉ። ኤሌክትሪክ በሌለበት አካባቢ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ የፀሐይ ኃይል መብራትን ወይም የእጅ ባትሪን መነሻ ሊያደርጉ ይችላሉ።

መምህርቷም ልምዷን በራሷ ክፍል አታስቀርም። ከአስመሳይ ሙከራው በፊትና በኋላ የተማሪዎቿን መልስ አነጻጽራ በተግባራዊ ምርምር መልክ ትጽፋለች፤ ያዘጋጀችውን የትምህርት ዕቅድ በጉድኝት ማዕከሉ ላሉ ባልደረቦቿ ታካፍላለች። በዚህም ከተጠቃሚነት ወደ አጋዥነት ትሸጋገራለች።

ዕድገቱን በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማስደገፍ

በአገራችን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ማዕቀፍ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በሙያ ማሻሻያ ተግባራት ላይ እንዲሳተፍ ይጠበቃል። ቴክኖሎጂን ከትምህርት ጋር ማቀናጀት የዚህ ዕቅድ አካል ሊሆን ይችላል። ሂደቱ አራት ተያያዥ ምዕራፎች አሉት።

መተንተን፦ መምህሩ ተማሪዎች በተደጋጋሚ ዝቅተኛ ውጤት የሚያመጡበትን አንድ ርዕስ በተከታታይ ምዘና ውጤት ላይ ተመሥርቶ ይለያል። “ኮምፒውተር መማር እፈልጋለሁ” የሚለው ዓላማ ሰፊ ነው። “ተማሪዎቼ የተከታታይና የትይዩ ዑደትን ልዩነት እንዲያስረዱ ማድረግ እፈልጋለሁ” የሚለው ግን ሊለካ ይችላል።

ማቀድ፦ ለተለየው ርዕስ የሚያግዝ መሣሪያ ወይም ይዘት ይመርጣል፤ የሚፈጀውን ሰዓት፣ የሚያግዘውን ባልደረባና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ በግል ዕቅዱ ላይ ያሰፍራል።

መተግበር፦ ትምህርቱን ይሰጣል። ቢቻል የትምህርት ክፍል ባልደረባው ክፍል ገብቶ እንዲመለከተው ይጋብዛል። ተመልካቹ የሚመዘግበው የመሣሪያውን ውበት ሳይሆን ምን ያህል ተማሪዎች እንደተሳተፉ፣ ከኋላ የተቀመጡት ስክሪኑን ማየት መቻላቸውንና ሴት ተማሪዎች መሣሪያውን የመንካት እኩል ዕድል ማግኘታቸውን ነው።

መገምገም፦ የተማሪዎቹን ውጤት ከመነሻው ጋር ያነጻጽራል፤ ማስረጃዎቹን በማህደረ ተግባሩ (ፖርትፎሊዮ) ውስጥ ያስቀምጣል። ውጤቱ ካልተሻሻለ ዘዴውን ይለውጣል። መሣሪያ መጠቀም በራሱ ስኬት ተደርጎ አይወሰድም።

ጀማሪ መምህራን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሚያልፉበት የሙያ ትውውቅ መርሐ ግብር መካሪ መምህር ይመደብላቸዋል። በቴክኖሎጂ ረገድ ጀማሪው ከመካሪው የበለጠ የሚያውቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ልውውጡ የሁለትዮሽ ሊሆን ይገባል፤ ነባሩ መምህር የክፍል አያያዝና የትምህርት ይዘት ልምዱን፣ ጀማሪው የዲጂታል ክህሎቱን ያካፍላል።

መሠረታዊ የዲጂታል ክህሎታቸውን በግላቸው ማሳደግ ለሚፈልጉ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ አንዱ አማራጭ ነው። በኢኒሼቲቩ በፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግ፣ በዳታ ሳይንስና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ያተኮሩ ነፃ የበይነ መረብ ኮርሶች ቀርበዋል።

ኢንተርኔትና መሣሪያ ውስን በሆነበት ትምህርት ቤት

ቋሚ የኢንተርኔት ግንኙነት አለመኖር ለጅማሬው እንቅፋት አይሆንም። የሚከተሉት አማራጮች አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

• ጂኦጄብራ፦ ለሒሳብ ትምህርት የግራፍና የጂኦሜትሪ ሥራዎችን በተንቀሳቃሽ ምስል ያሳያል።
• ፌት፦ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለባዮሎጂና ለሒሳብ አስመሳይ ሙከራዎችን ይዟል።
• ኪዊክስ፦ ዊኪፔዲያንና ሌሎች የማጣቀሻ ይዘቶችን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ያስቀምጣል።
• ኮሊብሪ፦ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫኑ ትምህርቶችን በውስጥ ኔትወርክ ለሌሎች መሣሪያዎች ያዳርሳል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በፒዲኤፍ የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍትን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ማጋራት ይቻላል። ፍላሽ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲዘዋወር ቫይረስ ስለሚያስተላልፍ ከመከፈቱ በፊት በፀረ ቫይረስ ፕሮግራም ሊፈተሽ ይገባል። የመብራት መቆራረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ ላፕቶፑን በዋዜማው ቻርጅ ማድረግ፣ እንዲሁም ትምህርቱን ያለ መሣሪያ ማስቀጠል የሚያስችል አማራጭ ዕቅድ መያዝ ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ይዘት የሚያዘጋጁ መምህራን የዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል እንዲጠቀሙ ይመከራል። ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈ ፈተና ወይም ማስታወሻ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ሲላክ ፊደሉ ተለዋውጦ የማይነበብ ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈው ግን በየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ይነበባል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

የተማሪዎችን መረጃ መጠበቅ፦ የተማሪ ስም፣ ውጤት፣ ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥር የግል መረጃዎች ናቸው። የግል መረጃ አያያዝ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሕግ ጥበቃ አግኝቷል። የክፍሉን ሙሉ ውጤት በቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያሳፍራል። ውጤት ለተማሪውና ለወላጁ በተናጠል ይገለጽ።

ፍትሐዊነት፦ ስልክ የሌለው ተማሪ ሊሠራው የማይችለው የቤት ሥራ ውጤት ሊያዝበት አይገባም። በአይሲቲ ክፍል ውስጥም ፈጣን የሆኑ ጥቂት ተማሪዎች ማውሱን ይዘው ሌሎቹ ተመልካች እንዳይሆኑ ተራ መመደብ ያስፈልጋል።

ቋንቋ፦ ከበይነ መረብ የሚገኙ ቪዲዮዎች አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። መምህሩ ቪዲዮውን በየሁለትና ሦስት ደቂቃው እያቆመ ቁልፍ ቃላትን ቢያብራራና ጥያቄ ቢጠይቅ የተሻለ ውጤት ይገኛል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ እነዚህ መገልገያዎች መልመጃና የትምህርት ዕቅድ ረቂቅ ለማዘጋጀት ያግዛሉ። ሆኖም የተሳሳተ መረጃ በእርግጠኝነት ሊያቀርቡ ስለሚችሉ መምህሩ ከመማሪያ መጽሐፉና ከመርሐ ትምህርቱ ጋር ሳያመሳክር ለተማሪ ሊያቀርብ አይገባም።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል የለውም። ከየት ልጀምር?
በአንድ ርዕስና ባለዎት መሣሪያ ይጀምሩ። በስልክ የተቀረጸ የ3 ደቂቃ ድምፅ ለቋንቋ ትምህርት የማዳመጥ መልመጃ ሊሆን ይችላል። በአካባቢዎ ያለውን ወንዝ፣ አፈር ወይም ተክል የሚያሳይ ፎቶግራፍም ለጂኦግራፊ ወይም ለባዮሎጂ ትምህርት መነሻ ይሆናል።

በግሌ የተማርኩት ኮርስ በ60 ሰዓቱ ውስጥ ይታሰብልኛል?
ተሙማ ከመደበኛ ሥልጠና በተጨማሪ የክፍል ምልከታን፣ ተግባራዊ ምርምርንና የግል ንባብን ጭምር ያካትታል። ኮርሱን አስቀድመው በግል ዕቅድዎ ውስጥ ያካቱት፤ ለክፍል ትምህርትዎ ያስገኘውን ለውጥ የሚያሳይ ማስረጃም በማህደረ ተግባርዎ ይያዙ። አያያዙን በተመለከተ የትምህርት ቤትዎን የተሙማ አስተባባሪ ያነጋግሩ።

ወላጅ ነኝ። ለልጄ ስልክ መግዛት አለብኝ?
ልጅዎ ለመማር የግል ስልክ ሊኖረው የግድ አይደለም። ስልክ በቤት ውስጥ ካለ የአጠቃቀም ሰዓት ይወስኑ፤ ልጅዎ የተማረውን መልሶ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። የሚሰጠው የቤት ሥራ ያለ ስልክ የማይሠራ ከሆነ ጉዳዩን ለመምህሩ ወይም በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል ያሳውቁ።

የተበላሹ ወይም ተቆልፎባቸው የተቀመጡ ኮምፒውተሮች አሉ። ለማን አቤት ልበል?
በቅድሚያ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ምላሽ ካላገኙ ጥያቄውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም እንደ አካባቢው አደረጃጀት ለዞን ትምህርት መምሪያና ለክልል ወይም ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ማቅረብ ይቻላል። ማመልከቻው የመሣሪያውን ዓይነትና ብዛት፣ የተበላሸበትን ጊዜና አገልግሎቱ የተቋረጠባቸውን የክፍል ደረጃዎች ቢገልጽ ውሳኔ ለመስጠት ያመቻል።

ማጠቃለያ

አንድ መምህር ቴክኖሎጂን በብቃት መጠቀሙ የሚለካው በያዘው መሣሪያ ዘመናዊነት ሳይሆን ቀድሞ ያልገባው ተማሪ አሁን ገብቶት ማስረዳት በመቻሉ ነው። ዕድገቱ ጊዜ ይጠይቃል፤ በአንድ የትምህርት ዘመን ሁለት ወይም ሦስት ርዕሶችን በሚገባ አዘጋጅቶ ማስተማር በርካታ ፕሮግራሞችን ለአንድ ቀን ከመሞከር የተሻለ ነው።

ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ለመምህራን የመለማመጃ ጊዜ እንዲያመቻቹና መሣሪያዎች ከቢሮ ወደ ክፍል እንዲወጡ እንዲያደርጉ፣ ወላጆችም የልጆቻቸውን የትምህርት ሂደት በቅርበት እንዲከታተሉ ይጠበቃል። መምህራን የዘንድሮውን የሙያ ማሻሻያ ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ ተማሪዎቻቸው እጅግ የሚቸገሩበትን አንድ ርዕስ በመምረጥ ሥራውን እንዲጀምሩ እናበረታታለን።